አራት እግር ያለው በርኖስ

ሰው ሁሉ የተስማማበትን ነገር መጠርጠር ልማዴ ነው። ይህ ልማድ ብዙ ወዳጅ አላተረፈልኝም። ስለዚህ ዘንድሮ አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ሰው ልሁን ብዬ ከሰው ሁሉ ጋር ተስማማሁ። የተስማማሁት በንጽሕና ላይ ነው። ንጽሕና ጥሩ ነው ይባላል፣ እኔም ጥሩ ነው አልኩ። ውጤቱ ዛሬ መንዝ ውስጥ፣ ከዘመሮ አንድ ሰዓት በእግር በምታስኬድ መንደር፣ አንዲት ጥጃ ጀርባ ላይ ታስሮ ይገኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቴ በርኖስ ነው። እኔ ከመወለዴ በፊት የተሠራ፣ ጥቁርነቱን ከቀለም ሳይሆን ከበጎቹ የወረሰ፣ በቀኝ ትከሻው ላይ እንደ ቀንድ ሾጠጥ ያለች ጫፍ ያለችው የመንዝ በርኖስ ነበር። ልጆች ሳለን አባታችን መምጣታቸውን የምናውቀው በዚያች ጫፍ ነው። ጉሙ ገለጥ ሲል መጀመሪያ ብቅ የምትለው እሷ ናት፤ ሰውየው ቆየት ብሎ ይከተላል።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በረዶ ከያዘን፣ አባቴ የበርኖሱን አንድ ወገን ከፍ አድርገው «ግባ» ይሉኛል። እገባለሁ። ከዚያ በኋላ ዓለም ማለት ጨለማ፣ የበግና የጭስ ሽታ፣ ከታች ደግሞ የአባቴ ሁለት እግሮች ብቻ ነበሩ። የት እንደደረስን አላውቅም፤ እግሮቹን ተከትዬ እሄዳለሁ። አንዳንዴ ከላይ አንድ እጅ ይመጣና መዳፌ ላይ የገብስ ቆሎ ያደርጋል። ስለ ሰው ልጅ ደኅንነት የተጻፉ ብዙ ወፋፍራም መጻሕፍት አንብቤአለሁ። ከዚያ እጅ የተሻለ ማብራሪያ ያለው አላጋጠመኝም።

ታዲያ ይህን ሁሉ የማስታውስ ሰው፣ ባለፈው ጥምቀት አገሬ ገብቼ በርኖሱን ሳየው ምን አልኩ? «ይህ ነገር ይታጠብ» አልኩ።

ከአባታችን ጋር የምትኖረው ታናሽ እህቴ አልማዝ ደነገጠች። «ጋሼ፣ በርኖስ ይራገፋል እንጂ አይታጠብም።»

«ሰውስ ይታጠብ የለ?»

«ሰውማ ፀጉሩ አናቱ ላይ ነው። እሱ ሁለመናው ፀጉር ነው።»

ስለ ተሐዋስያን ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁ። አልማዝ እንጨት ልትለቅም ወጣች፤ ንግግሬን አባቴና ድመቷ ሰሙት። በመጨረሻ አባቴ በርኖሱን አጥፈው ሰጡኝና «ውሰደው፣ አደራ» አሉ። ድመቷ ምንም አላለችም። ከሁላችንም አስተዋይ እሷ እንደነበረች የገባኝ ኋላ ነው።

አዲስ አበባ ስደርስ ልብስ ማጠቢያ ቤት ወሰድኩት። የተቀበለችኝ ልጅ በሁለት ጣቷ አንሥታ አየችው።

«ጋሼ፣ ምንጣፍ ነው?»

«በርኖስ ነው።»

«በርኖስ የሚል ዝርዝሩ ላይ የለም። ምንጣፍ ብዬ ልጻፈው?»

«ጻፊው።»

«ሱፍ ስለሚመስል በቀዝቃዛ ውሃ ቢሆን ይሻላል።»

እዚህ ላይ የተውኩት ልማዴ ተመለሰብኝ። ቀዝቃዛ ባትለኝ ኖሮ ሙቅ አልልም ነበር። «እኔ የመጣሁት ከመንዝ ነው» አልኳት፤ «ቀዝቃዛ ውሃማ እዚያም ነበረ። በሚፈላ ይታጠብልኝ!» በራሴ ኃላፊነት መሆኑን አስፈረመችኝ። ፊርማዬ ደስ የሚል፣ ክብ ፊርማ ነው፤ ብዙ ጥፋት ፈርሜበታለሁ።

ከሳምንት በኋላ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ሰጡኝ። ናሙና መሰለኝና ቀሪውን ጠበቅሁ። ቀሪ የለም። ሃምሳ ዓመት ዝናብና ውርጭ ያልበገረው በርኖስ፣ ንጹሕ፣ ለስላሳ፣ አበባ አበባ የሚሸት፣ ለሦስት ዓመት ሕፃን የሚሆን ልብስ ሆኖ ወጣ። ጫፏ ግን አለች። ጣት አክላ፣ ቀጥ ብላ ቆማለች።

መንገዱ ሰላም የሆነ ሰሞን ጠብቄ ወደ መንዝ ይዤው ሄድኩ። ዓቢይ ጾም ገብቶ ነበር። ቁጣ ጠብቄ፣ ለቁጣው የሚሆን መልስ መኪናው ላይ አዘጋጅቼ ነበር። አባቴ ግን አልተቆጡም። ፌስታሉን ፈቱት፣ ጨርቁን ዘረጉት፣ ከውስጥ ወደ ውጭ አገላበጡት።

«ሰውየው የት ሄደ?» አሉ።

«የቱ ሰውዬ፣ አባባ?»

«ይህን ይለብስ የነበረው።»

ያዘጋጀሁት መልስ ለዚህ አይሆንም ነበር።

በማግሥቱ አልማዝ በርኖሱን ብርድ ለያዛት አዲስ ጥጃ አለበሰቻት። ጥጃዋ ባለ ጫፍ በርኖስ ለብሳ ደጅ ስትወጣ የመንደሩ ውሻ ሁሉ ተነሣባት። አባቴ በር ላይ ተቀምጠው አይዋትና «እሷስ አምሮባታል» አሉ። የሳቅሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱም አላማረብኝም።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ አልማዝ ደወለች። አባቴ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትተዋል።

«ጉልበቴን አመመኝ ይላሉ። ውሸታቸውን ነው፣ ጋሼ። ቀኑን ሙሉ ግቢውን ሲዞሩበት እኔ ነኝ የማየው።»

«ጋቢ የላቸውም እንዴ?»

«ጋቢ የቤት ነው። 'ያለ በርኖሴ ታቦት ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ' ይላሉ። ሰው ሲጠይቅ ጉልበቴ ነው፣ እኔ ስጠይቅ ብርዱ ነው። የሰኔ ሚካኤልን ንግሥ ቀርተው አያውቁም። ዘንድሮ ቤት ከዋሉ፣ ከዚያ ወዲያ ከቤት የሚወጡ አይመስለኝም። ሽማግሌ አንዴ ከተቀመጠ ታውቀዋለህ።»

አውቀዋለሁ። አያቴም የጀመሩት ከጉልበት ነው።

መጀመሪያ ያደረግሁት ማንኛውም ሞኝ ከተሜ የሚያደርገውን ነው፤ ጃኬት ገዝቼ ላክሁ። ጥሩ ጃኬት ነው፣ በውስጡ ላባ አለው ተብሏል። አባቴ አንድ ቀን ለበሱትና መለሱት። ሲሰግዱ ይንሿሿል። «እኔ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር እሱ ያወራል» አሉ። «ጸሎት የማን እንደሆነ አይታወቅም።» ገበያ ላይ ተሠርቶ የተሰቀለ በርኖስ እንገዛለን ብንላቸው ደግሞ «ያልተለካልኝን ልብስ እንደ ሌባ አልለብስም» አሉ።

ስለዚህ አሠራለሁ አልኩ። እዚህ ላይ ብቆም መልካም ነበር። መንዝ በርኖስ መሥራት ከጀመረ ስንት ዘመኑ ነው፤ «አንድ በርኖስ ሥሩልኝ» ብል ይሠሩልኝ ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ስለ ዕቃ ፈጠራ የሚያስተምር መጽሐፍ አንብቤ ነበር። ችግሩን ለይ፣ ተጠቃሚውን ጠይቅ፣ ንድፍ ሥራ፣ ናሙና አውጣ፣ አሻሽል ይላል። ብዙ ማንበብ እንደ ብዙ መብላት ነው፤ ሰውየው እንደበላ የሚታወቀው የማይሆን ቦታ ላይ ነው። የተሻሻለ በርኖስ ልሠራ ተነሣሁ።

ለፋሲካ አገር ቤት ገብቼ፣ ደብተሬን ይዤ ተጠቃሚው ፊት ተቀመጥሁ።

«አባባ፣ ከበርኖስ ምን ይፈልጋሉ?»

«በርኖስ እንዲሆን።»

«እሱ ይገባኛል። የድሮው ምን ጉድለት ነበረበት?»

«አንድ ጉድለት ነበረበት። ለአንተ ሰጠሁት።»

ደብተሬ ላይ «ተጠቃሚው ቅያሜ አለው» ብዬ ጻፍሁ።

«እሺ፣ ይህች ትከሻ ላይ የምትቆመዋ ጫፍ ምን ታደርጋለች? ዝናብ አትከለክል፣ ሙቀት አትሰጥ። ብናስቀራትስ?»

አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። «አፍንጫህ ምን ያደርግልሃል?»

«እተነፍስበታለሁ።»

«አፍ አለህ አይደል? ያውም ሥራ ፈትቶ የማያውቅ።»

ጫፏን መልሼ ሳልኳት። በዚያ ፋንታ ከውስጥ በኩል፣ በቀኝ ወገን፣ ልክ በመካከሉ ላይ የስልክ ኪስ ጨመርሁ። አልማዝ ንድፉን አየችና «ሲያጌጡ ይመላለጡ» ብላ ሄደች። አባቴ ስልክ የላቸውም። መጽሐፉ ግን ተጠቃሚው ገና ያላወቀውን ፍላጎት አስቀድመህ እወቅለት ይላል።

ከዚያ ለካኋቸው። ልብ በሉ፤ የጥፋቱ ሁሉ ሥር ይህ ነው፣ እኔም እያየሁት ነው የተተከለው። «ይቁሙ እስኪ» አልኳቸው። አባቴ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጎበጥ ብለዋል። በትራቸውን ግድግዳ አስደገፉ፣ ደረታቸውን ነፉ፣ አገጫቸውን አነሡ፣ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ፊቴ የቆመው ሰው የዛሬው አባቴ አልነበረም፤ በጉም ውስጥ ጫፏ የምትቀድመው ያ ሰውዬ ነበር። በክንዴ ለካሁት። ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ሦስት ክንድ ከስንዝር።

«ጨረስክ?» አሉ።

«ጨረስኩ።»

ትንፋሻቸውን ሲለቁት ቁመታቸውም አብሮ ወረደ። ሲወርድ አይቻለሁ። ነገር ግን «አባባ፣ አሁን ደግሞ እንደ እውነቱ ይቁሙና ልለካዎት» የሚል ልጅ መንዝ ውስጥ አልተወለደም። ሦስት ክንድ ከስንዝር ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ትዝ አለኝ። ሱፍ ይጠብባል። ማንም ሳያይ አራት ክንድ ብዬ አረምኩት።

ቀጥሎ ፀጉር ያስፈልጋል። ጥቁር በግ ከሩቅ ሲያዩት የትም አለ፤ ጠጋ ሲሉት ቡናማ ነው፣ ወይም ሆዱ ስር ነጭ ደብቋል። በየደጁ እየዞርኩ በግ ስገላልጥ ያዩኝ ሰዎች ለአልማዝ «ወንድምሽ ደህና ነው?» ብለው ጠይቀዋታል። ነገር ግን ለአባቴ በርኖስ መሆኑ ሲሰማ መዞሬ ቀረ። ከዚህም ቤት አንድ እቅፍ፣ ከዚያም ቤት አንድ እቅፍ ጥቁር ፀጉር መምጣት ጀመረ። ይበቃል ብንል የሚሰማ ጠፋ። አባቴ በሽምግልና ያላስታረቁት ቤት የለም፤ የታረቀ ሁሉ በጉን ሸለተ።

ፈታይዋ እትዬ አስካለ ነበሩ። ከባላቸው ተጣልተው ወላጆቻቸው ቤት በገቡ ጊዜ፣ አባቴ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ነው ያስታረቋቸው። ፀጉሩን በደጋን ነድፈው፣ እንዝርታቸውን አሹረው የፈተሉትን ልቃቂት ሳየው የበግ መንጋ ተጠቅልሎ የተኛ መሰለኝ።

«እትዬ፣ አልበዛም?»

«ለእሳቸው ነው የሚበዛው? አርፈህ ተሸከም!»

ተሸክሜ ሸማኔው ጋ ሄድኩ። ጋሽ ተክሌ ወደ ቀየት በሚወስደው መንገድ ላይ ነው ቤታቸው። ቁመተ ረጅም፣ ክንዳቸው ደግሞ ከቁመታቸውም የባሰ ነው፤ ተቀምጠው ከምድጃው እሳት ይጭራሉ። ንድፌን ሰጠኋቸው። ገልብጠው ያዙት፣ አዞሩት፣ ወደ ብርሃን አወጡት።

«ድንኳን ነው?»

«በርኖስ ነው እንጂ፣ ጋሽ ተክሌ።»

«ሰውየውስ የታለ?»

«ሰው አልሳልኩም። ልብሱን ብቻ ነው።»

«ሰው የሌለበት በርኖስማ ድንኳን ነው።» ጣታቸውን ኪሱ ላይ አደረጉ። «ይህች መስኮትስ?»

«የስልክ ኪስ ናት።»

«ስልክ ገዙ?»

«አልገዙም።»

ጋሽ ተክሌ ወረቀቱን በአክብሮት አጥፈው ጣራው ላይ ሰኩት። ከዚያ ወዲያ አላወረዱትም። «ስንት ክንድ ልሥራው?» ብቻ አሉኝ። አራት አልኳቸው። «አራት» ብለው ደገሙት። ድምፃቸው ውስጥ አንድ ነገር ነበር፤ አራት ብለው ሌላ እያሰቡ ነበር። እኔ ግን የሚደገምልኝን ቁጥር የማመን ድካም አለብኝ።

ግንቦት አልቆ ሰኔ ሲገባ ድሩና ማጉ ጨርቅ ሆነ። የመንዝ ሱፍ ተሸምኖ ብቻ አይለበስም። ሙቅ ውሃ እየፈሰሰበት በእግር ይረገጣል፣ ይረገጣል፣ ጠብቆና ወፍሮ ዝናብ የማያልፈው እስኪሆን ድረስ። ሲረገጥ ደግሞ ያጥራል፣ ይጠብባል። ይህን መንዝ ሁሉ ያውቃል። እኔ ያወቅሁት በልብስ ማጠቢያ ቤቱ በኩል ነው። ሰው ትምህርቱን ካገኘበት ቦታ ፍርሃቱንም ይዞ ይመጣል።

ሱሪዬን ሰብስቤ ከሦስት ጎልማሶች ጋር ረገጥሁ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሆዴ ከእኔ አንድ እርምጃ ይቀድማል። ውሃው ከጨርቁ ውስጥ ሲተን ያ የፌስታል ጥቅል ዐይኔ ላይ መጣ። ጨርቁ እግሬ ስር እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሲሄድ ተሰማኝ።

«በቃ!» አልኩ።

«ኧረ ገና ነው» አሉ ጋሽ ተክሌ። «ገና ጨርቅ ነው። ቆዳ መምሰል አለበት።»

«በቃ! ውጡ! ውሃ እንዳትጨምሩ!» ጨርቁ ላይ ተንበርክኬ እጆቼን ዘርግቼ ከለከልሁ። ጎልማሶቹ እርስ በርስ ተያይተው ወጡ። ጋሽ ተክሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የአባቱ ነው፤ ምን እናድርግ» አሉ።

በዘመሮ ገበያ ዳር መኪናውን በእግሩ እየመታ የሚሰፋው ግርማ፣ ጫፏን አቁሞ፣ ኪሱን ንድፉ እንዳዘዘው ልክ በመካከሉ ላይ ሰፋልኝ። ለበዓሉ አንድ ቀን ሲቀረው ከሰዓት በፊት፣ ሊያለብሳቸው ራሱ መጣ። እትዬ አስካለ መጡ። ጋሽ ተክሌም መጡ። አባቴ ግቢው መካከል ቆሙ፣ ግርማ በርኖሱን ዘረጋና ትከሻቸው ላይ ጣለው።

አባቴ ጠፉ።

እግር የለም፣ እጅ የለም። ጨርቁ በዙሪያቸው መሬት ላይ ተንጣሎ ሁለት ዶሮዎች ዳሩ ላይ ቆመዋል። ከላይ ነጭ ራስ፣ ከታች ጥቁር ኮረብታ። የስልክ ኪሷ ጉልበታቸው አጠገብ ናት፤ ስልክ ቢኖራቸው ኖሮ ለማንሣት መንበርከክ ነበረባቸው። ጫፏ ከትከሻቸው ተንሸራታ ክርናቸው ዘንድ ወርዳ ወደ ጎን ታመለክታለች።

ጋሽ ተክሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስንት ክንድ ነበር ያልከኝ?»

«አራት!»

«እኔ አምስት አድርጌዋለሁ።»

«ለምን?»

«ሲረገጥ ያጥራል ብዬ ነዋ! አንተ ከተሜ፣ ይህ መቼ ይገባዋል ብዬ።»

«እኔም ያጥራል ብዬ ነው እኮ ሦስቱን አራት ያልኩዎት!»

«ታዲያ አትናገርም?»

«እርስዎስ?»

«ያውም በእኔ ክንድ» አሉ ጋሽ ተክሌ፣ ያን ክንዳቸውን እንደ እንግዳ ነገር እያዩት።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። «ክሩ ሲተርፍ ጊዜ፣ ወርዱ ላይ ጨምርበት ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ለእሳቸው ተብሎ የተፈተለ ክር ተርፎ ለማን ይሆናል? ለምድጃ መጥረጊያ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «ከረገጣው ያስወጣንስ ማነው?» አሉ ጋሽ ተክሌ በቀስታ።

ያን ጊዜ አባቴ ከጥቁሩ ኮረብታ አናት ላይ ሆነው፣ ማንንም ሳያዩ፣ «እኔም ሲለካኝ ትንሽ ቀና ብዬ ነበር» አሉ።

አልማዝ ዶሮዎቹን ከዳሩ ላይ አባረረች።

«በል ግርማ» አልኩ፣ «መቀስ አውጣ። ከታች ቁረጠው።»

ግርማ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። «እኔ? የሽማግሌ በርኖስ፣ ያውም በበዓል ዋዜማ ላሳጥር? ዕድሜያቸውን አሳጠረ ልባል? ይቅርብኝ ጋሼ፣ ልጆች አሉኝ።» መቀሱን ከኪሱ አውጥቶ ለአልማዝ ሰጣት። አልማዝ ለጋሽ ተክሌ ሰጠቻቸው። ጋሽ ተክሌ ለእኔ ሰጡኝ። እኔ ይህን ዓይነት ነገር እንደማላምንበት በብዙ ቦታ ጽፌአለሁ። መቀሱን ተቀብዬ ትንሽ ያዝ አደረግሁትና ግድግዳው ላይ አስቀመጥሁት።

የበዓሉ ቀን በማለዳ ካፊያ ይዞ ጉም ወረደ። የሚካኤል ደወል ይሰማል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግን አይታይም። አባቴ ቀደም ብለው ተነሥተው፣ ነጭ ለብሰው፣ በርኖሱን ደርበው በር ላይ ቆሙ። አልማዝና እኔ ከኋላ ሆነን እናያለን። አንድ እርምጃ ወጡ። ሁለተኛው ላይ ዳሩን ረግጠው ተንገዳገዱ፤ አልማዝ ደግፋ ያዘቻቸው። ጨርቁ ጭቃ ነክቷል።

ተመልሰው መደቡ ላይ ተቀመጡ። «ጉልበቴ» አሉ።

አልማዝ አየችኝ። እህት ታላቅ ወንድሟን እንዲህ ስታየው ከማጠቢያ ቤቱ የፈላ ውሃ ይብሳል። «ከኋላ ሆኜ ዳሩን ልያዝልዎት» አልኳቸው። «ጳጳስ ነኝ እንዴ?» አሉ። «እሺ ጋቢውን...» አላስጨረሱኝም። ደወሉ እንደገና ተሰማ። አባቴ ደጁን አዩ፣ ጭቃውን አዩ፣ ከዚያ እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። እንዲህ አድርገው ያዩኝ ልጅ ሆኜ፣ ማረሻ መሸከም እችል እንደሆን ሲገምቱ ነበር።

«አንተ ረጅም ነህ» አሉ።

«አዎን፣ አባባ።»

«ጨርቁን ማሳጠር ካልተቻለ ሰውየውን ማስረዘም ነው።» ተነሡ፣ የበርኖሱን ቀኝ ወገን ከፍ አደረጉት። «ግባ።»

ጸሐፊ ነኝ። ያነበበ ሰው ነኝ። አደባባይ ላይ ቆሜ የተከራከርሁ፣ ተሳስቼም ያልተረታሁ ሰው ነኝ። ጎንበስ ብዬ ገባሁ።

በራሴና በትከሻዬ ሳነሣው ጨርቁ አብሮኝ ተነሣ። ዳሩ ከመሬት ስንዝር ያህል ከፍ አለ። ያቺ ስፍራ ያጣች ጫፍ ደግሞ፣ አልማዝ ኋላ ከት ብላ እየሳቀች እንደነገረችኝ፣ ልክ እኔ አናት ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። አባቴ ዝቅ ብለው ዳሩን አዩ።

«አሁን ልኩ ሆነ» አሉ። ሄድን።

ከውስጥ ጨለማ ነው። ርጥብ ሱፍ ይሸታል፤ ጭስ ገና አልገባበትም፣ እሱ በጊዜው ይመጣል። ከታች ሁለት እግሮች አየሁ። ድሮ እነዚህን እግሮች ለመከተል እሮጥ ነበር፤ አሁን እንዳልቀድማቸው እርምጃዬን እየዋጥሁ ነው የምሄደው። ትከሻቸው ብብቴ ስር ነው። እጄ ሲወዛወዝ አንድ ነገር ነካ። የስልክ ኪሷ ናት። ለጎበጡት አባቴ ሳይሆን ለእኔ ጣቶች የተሰፋች ይመስል፣ ልክ እጄ ዘንድ ደርሳለች። ውስጧ ቆሎ አለ። ጣቴን ሰደድኩ።

«እጅህን!» አሉ አባቴ። «ታቦት ወጥቶ ሳይገባ!»

እጄን አወጣሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ስንደርስ ጉሙ ገለጥ አለ። ሰው ሁሉ ቆሞ ያየናል። ከአባቴ ጋር አብረው ያረጁት የደብሩ ቄስ መስቀላቸውን እንደያዙ ቀረብ አሉ።

«እንኳን አደረሰዎ! ሦስት ወር ጠፍተው፣ አራት እግር ያለው በርኖስ ለብሰው መጡ?»

«ልጄ ነው ያሠራው።»

«ታዲያ ልጁን ለምን ከተው ያዙት?»

«ዝናብ ነው» አሉ አባቴ። «በውሃ እንዳይጠብብብኝ ብዬ።»

ከግቢው አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ሳቅ ሄደ። እትዬ አስካለ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑት። ጋሽ ተክሌ አልሸፈኑትም። እኔ መልስ ነበረኝ፤ ጥሩ መልስ ነበር። አባቴ ግን በክርናቸው ጎኔን ነክተው ወደ ቦታቸው ወሰዱኝ። ከጥዱ ዛፍ በታች፣ ሦስት ወር ሙሉ ማንም ያልቆመበት ሥፍራ ነው።

ታቦቱ ዞሮ ከገባ በኋላ ስንመለስ ካፊያው አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ጀርባዬን ቆርጥሞኛል፣ በዚያ ላይ ሞቆኛል።

«ልውጣ፣ አባባ?»

አባቴ መንገዱን አዩ። «ጭቃው አልደረቀም» አሉ። «ይጎተታል።»

መንገዱ ደርቋል። ይህን ልነግራቸው፣ ከነማስረጃው ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ከጎኔ አንድ እጅ መጣ፣ መዳፌን ፈልጎ አገኘና ቆሎ አደረገበት። ክርክሬን አፌ ውስጥ ይዤ መቆርጠም ጀመርኩ።